ናፍጣ ልግዛ ወይስ ቤንዚን? ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፤ ግራ ገብቶኛል። ለሥራ ፒክአፕ ልገዛ ነው። ሁለት ያገለገሉ ሃይሉክሶች አግኝቻለሁ፤ አንዱ ባለ 2.7 ሊትር ሞተር ቤንዚን፣ ሌላው ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ) ያለው። የምጭነው ሲሚንቶና ሴራሚክ ነው፤ እስከ 8 ኩንታል። አዲስ አበባ ውስጥ አጭር ምልልስ ይበዛል፤ አልፎ አልፎ ግን እንጦጦን ወጥቼ ሱሉልታ አደርሳለሁ።

ለዳገት ናፍጣው ይሻላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ጉልበቱ ይወርዳል፤ ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። የሚያስፈራኝ የናፍጣው ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ነው። ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ከገባበት አለቀለት፤ ዋጋውም አይቀመስም። ቤንዚኑን ግን የሰፈር መካኒክም ይጠግነዋል።

የነዳችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፤ ናፍጣው የከተማ ምልልስ ይችላል? ኢንጀክተሩንና ቱርቦውን ሳልገዛ በፊት እንዴት ላስፈትሽ? ሻጩ ቀብድ እየጠየቀኝ ነው፤ እባካችሁ ቶሎ።