የአማርኛ ድርሰት የሚያርም ፕሮግራም ለተማሪዎች መስጠት ይገባል?

ጥያቄ (የአማርኛ መምህር)

ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከ200 በላይ ስለሆኑ፣ ድርሰታቸውን አርሜ እስክመልስላቸው ድረስ ሦስት ሳምንት ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ምን ብለው እንደጻፉ እንኳ ረስተውታል። ስለዚህ በዚህ መንፈቅ ዓመት ጽሑፋቸውን ከማስረከባቸው በፊት ስሕተትን በሚጠቁም ፕሮግራም እንዲፈትሹት አደረግሁ። ውጤቱ ግን አሳስቦኛል። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ «አያቴ ከሕመማቸው ድኅነት አገኙ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ፕሮግራሙ በቀይ አሰመረበትና «ድህነት» የሚል ምትክ አቀረበላት፤ እሷም መሣሪያው የተሻለ ያውቃል ብላ ለወጠችው። አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለውን ይህንኑ ድርሰት «ዓረፍተ ነገሩ ከመጠን በላይ ረዝሟል» ብሎታል። ልተወው ወይስ የተሻለ አጠቃቀም አለ?

ምላሽ (የሶፍትዌር ባለሙያ)

መምህር፣ ሁለተኛው ችግር ስለሚቀል ከእሱ ልጀምር። ተማሪዋ አራት ነጥብን የጻፈችው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይመስለኛል። «፡፡» እና «።» ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ለኮምፒውተር ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው፣ «።»ን የሚፈልግ ፕሮግራም ሲያጣው ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። አስቀድመው «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ ቢያስተካክሉት ችግሩ ይወገዳል።

የቀዩ መስመር ጉዳይ ግን ሥር የሰደደ ነው። በፋየርፎክስ (የድረ ገጽ ማሰሻ) እና በሊብሬኦፊስ (የጽሑፍ ማዘጋጃ) ውስጥ ያለው ሃንስፔል የተባለ የፊደል አራሚ የሚሠራው በቃላት ዝርዝርና በቅጥያ ደንብ ነው። የእኛ ግሥ ከፊትም ከኋላም መቀጠሉ ሳያንስ ውስጡም ይለዋወጣል፤ ከ«መለሰ» ተነሥቶ «ስላልተመላለሰችበትም» ላይ ለመድረስ ዝርዝር አይበቃም። እንዲህ ያለውን ቃል እስከ ሥሩ ለመፍታት ተመራማሪው ማይክል ጋሰር እንደሠሩት ሆርንሞርፎ ያለ የቃል ተንታኝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀይ መስመር «ይህን ቃል አላውቀውም» ማለት እንጂ «ተሳስተሻል» ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ አለመጻፋችን የእኛ የሠሪዎቹ ጉድለት ነው፤ አንዲት ልጅ ትክክለኛ ቃሏን እንድትሰርዝ ካደረጋት ደግሞ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ምላሽ (የመጽሐፍ አርታኢ)

እኔን ያሳዘነኝ «ድኅነት» ነው፤ መዳን የነበረው ማጣት ሆነ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በንባብ ስለማይለዩ ብዙ ፕሮግራሞች ወደ አንድ ፊደል ይጠቀልሏቸዋል። ለፍለጋ ይጠቅማል፤ ለእርማት ግን ትርጉም ያጠፋል። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ሲሆን «ሰአሊ» ለምኚ ማለት ነው። በሌላ በኩል «ፀሐይ»ንም «ጸሐይ»ንም የሚጽፉ ሰዎች ባሉበት ጊዜ፣ መሣሪያው አንዱን ስሕተት ቢል እኛ ያልተስማማንበትን በራሱ ሥልጣን መወሰኑ ነው። እኔ ከመሣሪያ የምፈልገው፣ አንድ ጸሐፊ በገጽ 3 «ዓለም» ብሎ በገጽ 40 «አለም» ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን አምጥቶ እንዲያሳየኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ መምረጡ የጸሐፊው ይሆናል። ደክሞት የሚያነብ ሰው ይህን ያልፈዋል፤ ፕሮግራም ግን አይደክመውም።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ በተሰመረበት ቃል አጠገብ «ተቀብያለሁ» ወይም «አልተቀበልሁም» ብሎ ምክንያቱን እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ነጥብ የምሰጠውም ለምክንያቱ ነው። ተማሪዬም «ድኅነት»ን መልሳ ጽፋዋለች። በከንቱ የሚሰመርባቸውን ቃላት ሰብስበን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ማስገባት እንችላለን?

ምላሽ (የሶፍትዌር ባለሙያ)

ትችላላችሁ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተጠቃሚ መዝገበ ቃላት አላቸው፤ ለምሳሌ የሊብሬኦፊሱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ወደ ሌሎቹ መቅዳት ይበቃል። ከመግባቱ በፊት ግን እያንዳንዱን ቃል እርስዎ ይዩት፤ አንድ ስሕተት አብሮ ከገባ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ በዝምታ ያሳልፈዋል።