ካቴናዬ ይጮሃል፣ ምን ላድርግለት?

ጣናዳር፦ ሰላም ናችሁ። ባህር ዳር በየቀኑ ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ካቴናው ይጮሃል፤ ዳገት ላይ ስረግጠው ደግሞ ይዘላል። ጓደኛዬ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው ብሎኛል። ልቀባው?

ሳይክል ሰሪ፦ ወንድሜ፣ እሱን እንዳታስነካው! ውስጡ የብረት ብናኝ አለ። ከአቧራ ጋር ሲቦካ ፒኖቹን፣ ማለትም የካቴናውን መገጣጠሚያዎች የሚይዙትን ትንንሽ ብረቶች፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላቸዋል። ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረህ ካቴናውን ያዝበት፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክር። መሀል መሀሉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። በደንብ ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፤ የስፌት መኪና ዘይትም ይሆናል። ትንሽ ቆይተህ ውጪውን ጥረገው። ዘይት የሚፈለገው ውስጥ ነው።

ጣናዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጩኸቱ ጠፋ! መዝለሉ ግን አልቆመም።

ሳይክል ሰሪ፦ እንግዲያው ተስቧል። ማስመሪያ አምጣ። አንዱን ፒን ዜሮ ላይ አድርገህ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን አንድ ብለህ ቁጠር፤ አዲስ ካቴና ላይ 24ኛው ፒን ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል። በ1/16 ኢንች ካለፈ ቀይረው። 1/8 ከደረሰ የኋላውንም ጥርስ በልቶታል፤ ሁለቱንም መቀየር ነው። እኔ አንድ ክረምት ችላ ብዬ ሁለቱንም ገዝቻለሁ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

የሀዋሳዋ፦ ዝናብ ከመታው ሳታሳድሩ በጨርቅ አድርቁት። የእኔ በአንድ ሌሊት ነው ዝገት የጀመረው።