የምርምር ማዕከል ተከፈተልን፣ ምርምሩስ?

ጀማሪ መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ሕግ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። አምና የምርምር ማዕከል ተከፈተልን። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፣ ውስጡ ጠረጴዛና ሁለት ኮምፒውተር አለ፣ ሰው የለም። ጽሑፍ ትዝ የሚለን ፕሮሞሽን ሲደርስ ነው፤ ያኔ ተጣድፈን አዋጅ ከአዋጅ እናነጻጽራለን፣ ጆርናል ላይ እናወጣለን፣ ከዚያ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ እንዲህ መቀጠል አልፈልግም። ሦስት ኮርስ ይዤ፣ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ከየት ልጀምር?

ጡረተኛው፦ ወንድሜ፣ ከክፍሉ አትጀምር። ነፃ የሕግ ድጋፍ ከምትሰጡበት ቢሮ ጀምር። እኔ እዚያ ስሠራ አንዲት እናት መጡ፤ የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። መሬታቸውን ለጎረቤት በእኩል፣ አርሶ ምርቱን ሊያካፍላቸው፣ ሰጥተው ነበር። ወረቀት የለም፣ ምስክሩ ሞቷል፣ ሰውዬው አሁን መሬቱ የኔ ነው ብሏል። ክስ ጻፍንላቸው፣ ቅጹም ካርቶን ውስጥ ገባ። እንደሳቸው ያለ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደመጣ ማንም ቆጥሮት አያውቅም። ማዕከልህ ያ ካርቶን ነው። ስም እየሸፈናችሁ በጉዳይ ዓይነት መድቡት።

ደግሞ በየ15 ቀኑ ሦስት አራት ሆናችሁ ቡና ይዛችሁ የአንዳችሁን ረቂቅ አንብቡ። እኛ ሞክረነዋል። የመጀመሪያ ቀን የኔ ሲተች ፊቴ ጋለ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግን በሕይወቴ የጻፍኩት ደህና ጽሑፍ እሱ ነው። ባጀት አይጠይቅም።

ከችሎት፦ ዳኛ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ የምፈርደው በአማርኛ። ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለን የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት፣ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል፤ ስለዚህ ቀናችን የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች በማገላበጥ ያልፋል። ሁለት ውሳኔዎች የተጋጩ ሲመስለኝ ጉዳዩን አብራርቶ የሚያሳየኝ ሁለት ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ባገኝ ያን ቀን ነው የምጠቀምበት። ጆርናሉን አትተዉ፣ ከጎኑ ግን ይህችን ጨምሩልን።

የፎገራ ልጅ፦ እኔ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2007 ነው። ስለ እምቦጩ ብዙ ተጠንቷል። ስለ ባሕር ሸሽ መሬትስ? በጋ ላይ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ የምንዘራበት ነው። የውኃው ጠርዝ በየዓመቱ ቦታ ይለውጣል፣ ድንበሩም አብሮት። አባቴና ጎረቤታችን በዚህ የተነሳ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። መመረቂያዬን በዚህ ልሥራ ስል የሚያማክረኝ አጣሁ።

ጀማሪ መምህር፦ የፎገራው፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ረቂቅህን አነብልሃለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሐሙስ ከሰዓት ክፍል የለኝም፣ ካርቶኖቹን አወርዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከዓመታት በፊት የመጡ ባለጉዳዮችን ፈቃድ እንዴት ነው የምንጠይቀው? ስልክ ያልተመዘገበላቸው ብዙ ናቸው።

ጡረተኛው፦ ለእነሱ ቁጥሩን ብቻ ያዝ፣ ታሪካቸውን አትንካ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ቅጹ ላይ የፈቃድ መስመር ጨምሩ፣ ሲፈርሙም ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።