የማታ ደንብ አስከባሪ ይቀጠር? ደመወዙንስ እኛ እናዋጣ?

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ወረዳው «ያሉን ደንብ አስከባሪዎች ጥቂት ናቸው፣ ማታ የሚሠራ ሰው የለንም» አለ። ከዚያ አንድ ሐሳብ ቀረበ። እያንዳንዱ ቤት በወር 100 ብር ያዋጣ፣ በዚያ ገንዘብ ለኮንዶሚኒየም ሳይታችን የማታ ደንብ አስከባሪ ይቀጠር የሚል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ስጡ ተብለናል።

እኔ እደግፋለሁ። የምኖረው ገደሉን በሚያየው ብሎክ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲያልፍ ሲኖትራክ ይመጣል። መብራቱን ያጠፋል። የፈረሰ ቤት አፈርና ብሎኬት አፋፉ ላይ ገልብጦ ይሄዳል። ከሥር ሰው ይኖራል። ልጆች አሉ። ደጋግሜ ደውያለሁ። ስልኩ ሲነሳ መልሱ «ጠዋት ሰው እንልካለን» ነው። ጠዋት የሚያገኙት ክምሩን ነው፣ መኪናውማ ሄዷል። መጋቢት 2009 ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞት ሁላችንም አልቅሰናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ነው። ለዚህ 100 ብር አይበዛብኝም።

ባለ ሱቁ፦
እኔም እደግፋለሁ። ግብር እከፍላለሁ፣ ኪራይ እከፍላለሁ። በሬ ላይ ሸራ ዘርግቶ እኔ የምሸጠውን የሚሸጥ ሰው ግን ምንም አይከፍልም። ደንቦች ሲመጡ ይነሳል፣ ሲሄዱ ይመለሳል። ቀኑ በአባሮሽ ያልቃል። ሰው ይጨመር። የማታ ብቻ ሳይሆን የቀንም ይጨመር።

ሽንኩርት የምሸጠው፦
ወንድሜ፣ በርህ አጠገብ ከሚቀመጡት አንዷ እኔ ነኝ። ልጣላህ አይደለም። አንተም ከኔ ቲማቲም ገዝተህ ታውቃለህ።

እኔ ሽንኩርት የማነሳው በዱቤ ነው። ጠዋት እወስዳለሁ፣ ማታ ሸጬ እከፍላለሁ። አንድ ቀን ደንቦች መጥተው ግማሽ ማዳበሪያ ሽንኩርት ወሰዱብኝ። ደረሰኝ አልሰጡኝም። የት እንደገባም የነገረኝ የለም። ዕዳው ግን የኔ ሆነ። ሦስት ሳምንት ቆጥቤ ነው የከፈልኩት። ሳይቱ ውስጥ ተከራይ ነኝ። 100 ብሩ እኔንም ይመለከታል ማለት ነው። ራሴን የሚያባርር ሰው በራሴ ገንዘብ ልቅጠር?

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
እህቴ፣ እኔ አንቺን አስቤ አይደለም። ሲኖትራኩን ነው ያልኩት።

ሽንኩርት የምሸጠው፦
አውቃለሁ። ግን የሚመጣው ሰው ሲኖትራክ አይይዝም። እኔን ነው የሚይዘው።

የቀድሞ ደንብ አስከባሪ፦
ይህች እህት እውነቷን ነው። ከዚህ ራቅ ባለ ወረዳ ይህን ሥራ ሠርቼዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ላስረዳ።

የሽንኩርት ሸራ ማንሳት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሲኖትራክ ማስቆምስ? አንተ በእግርህ ነህ። ትራፊክ ፖሊስ አይደለህም። ሹፌሩ ካልቆመልህ ምንም ማድረግ አትችልም። ታርጋውን በጨለማ አንብበህ ብትመዘግብ እንኳ ባለቤቱን ለማወቅ ሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ደብዳቤው እስኪመለስ አፈሩ ላይ ሣር ይበቅላል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሪፖርት ትጠየቃለህ። ስለዚህ ሰው የሚቀለውን ይሠራል። «ይህን ያህል ሕገወጥ ነጋዴ ተነሳ» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ያምራል፣ ገደሉ ግን እየሞላ ነው።

ሌላው ነገር ሰው ያለመቆየቱ ነው። ከደመወዜ የቤት ኪራይ ስከፍል የሚተርፈኝ ለትራንስፖርት እንኳ አይበቃም ነበር። አብረውኝ ከገቡት ውስጥ ሥራውን የለመዱት ቀድመው ወጡ። በነሱ ቦታ አዲስ ልጅ ይመጣል። ለአዲሱ ልጅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚሰጥ፣ የተወሰደ ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ደረሰኝ ለምን ግዴታ እንደሆነ ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረው የለም። የሚማረው ቀድሞት ከገባው ልጅ ነው። ያም የሚያውቀው ማባረር ነው። ክልከላው ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል። በ2017 ፌስታል በአዋጅ ተከለከለ። ጎዳናው፣ ግንባታው፣ ቆሻሻው፣ አሁን ፌስታሉም በዚያው ልጅ ጫንቃ ላይ ነው።

እኔ ሰው መጨመሩን አልቃወምም። የምቃወመው ደመወዙን ነዋሪ ይክፈል የሚለውን ነው። የብሎክ 31 እህቴ ደመወዜን ከከፈለች፣ ነገ በረንዳዋን ያለ ፈቃድ አስፋፍታ ብትገነባ በምን ዓይኔ አይቼ እቀጣታለሁ? ያለ ፈቃድ መገንባት በሕግ የተከለከለ ነው። ግን የሚከፍልህን ሰው መቅጣት ቀላል አይደለም። ያላዋጣውን ተከራይ መቅጣት ግን በጣም ይቀላል።

ባለ ሱቁ፦
ታዲያ መንግሥት እስኪቀጥር ስንት ዓመት እንጠብቅ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እስቲ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋት 12 ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ሰው ይኑር እንበል። 12 ሰዓት በ7 ሌሊት 84 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአንድ ሰው መደበኛ ሥራ ከሳምንት 48 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ግን በሌሊት ብቻውን የሚላክ ሰው የለም። ጥንድ ሲሆኑ አራት ይሆናሉ። አንዱ ዓመት ፈቃድ ይወጣል፣ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ሐዘን ይደርስበታል። አምስተኛ ካልጨመራችሁ በሁለተኛው ወር ፈረቃው ይፈርሳል።

አምስት ሰው ቀጥረን የምናገኘው በአንድ ቦታ የቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሳይታችን ስንት መግቢያ እንዳለው ደግሞ ታውቃላችሁ። ወረዳው የሰው እጥረት አለብኝ ሲል እውነቱን ነው። ሁለት ልጅ ተቀጥሮ ነገሩ የሚፈታ የመሰለው ካለ ግን ይህን ሒሳብ ደግሞ ይሥራው።

አባባ፣ ብሎክ 8፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ይህ ከተማ ያለ ጠባቂ ኖሮ አያውቅም። ድሮ የአራዳ ዘበኛ ነበር። በ1967 አዋጅ 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ቀበሌ ተቋቋመ። መጀመሪያ ላይ ኪራይ የሚሰበስብ፣ የሰፈር ጠብ የሚዳኝ ነበር። ብዙዎቻችን ወደነው ነበር። ቆይቶ የአብዮት ጥበቃ መጣና ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ጠመንጃ ያዘ። በኋላ ሲያስቡት ክፉ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከኔ ጋር ኳስ የተጫወቱ ልጆች ነበሩ። ሥልጣኑ በእጃቸው ገባ፣ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም።

ዛሬ ያ ጊዜ ነው አልልም። ግን የነዋሪ ኮሚቴ የሚያዘው፣ በነዋሪ ገንዘብ የሚኖር፣ ዱላ የያዘ ሰው ስትሉ ልቤ ይፈራል። ሲያጠፋ ለማን ይከሰሳል? ወረዳው «እናንተ ናችሁ የቀጠራችሁት» ይላል። እናንተ «ደንብ አስከባሪ ነው» ትላላችሁ። ተበዳዩ መሀል ይቀራል።

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
አባባ፣ እርስዎ ያሉትን ከልቤ ነው የሰማሁት። ግን ዛሬ ማታም መኪናው ይመጣል። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ ምን ላድርግ?

ከአስፋልቱ ማዶ፦
ይቅርታ፣ እኔ የናንተ ወረዳ ነዋሪ አይደለሁም። እህቴ ብሎክ 31 ስላለች ነው የምከታተለው። እኔ ያለሁት ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ከገደሉ ሥር ማለት ነው። የብሎክ 31 እህት «ከሥር ሰው ይኖራል» ያለችው እኛን ነው።

በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሰረት ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ለገዳዲ በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። አፋፉ የአዲስ አበባ ነው፣ ሥሩ የሸገር። አፈሩ ሲናድ ወሰን አይጠይቅም። ደንብ አስከባሪ ግን ይጠይቃል። እናንተ ጋ ጥበቃ ሲጠነክር ሲኖትራኩ ዞሮ በኛ በኩል ይገለብጣል። እኛ ጋ ሲጠነክር ወደ እናንተ ይመለሳል። አንዱ ወገን አሥር ሰው ቢቀጥር ለሌላው ጭነት ነው የሚልከው። ሁለቱ ወረዳዎች ቢያንስ ስልክ ይለዋወጡ። እስካሁን እርስ በርስ አይተዋወቁም።

የብሎክ 12 ወጣት፦
አንድ ጥያቄ አለኝ። ገደሉ ጋ የሚወስደው ኮረኮንች ከዚያ ሌላ የትም አያደርስም አይደል? ታዲያ ለምን ቁመት የሚከለክል ብረት አናቆምበትም? ባጃጅና የቤት መኪና ያልፋል። ሲኖትራክ አያልፍም። ብረት ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይተኛም።

አባባ፣ ብሎክ 8፦
የእሳት አደጋ መኪናስ እንዴት ይገባል ልጄ?

የብሎክ 12 ወጣት፦
አባባ፣ እሱን አላሰብኩም ነበር። የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ዋናው በር ጥበቃ ጋ ይቀመጥ። መጀመሪያ ግን መንገዱ የሕዝብ ስለሆነ የወረዳው ፈቃድ ያስፈልገናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የመዋጮውን ነገር ላጥራው። በጋራ ሕንጻ ባለቤትነት አዋጅ 370/1995 መሠረት ማኅበራችን የሚያስተዳድረው የጋራ መጠቀሚያችንን ነው። ደረጃው፣ ግቢው፣ ግሪን ኤሪያው ማለት ነው። ለዚያ ጥበቃ መቅጠርም ማዋጣትም እንችላለን። አንድ ሰው ግሪን ኤሪያውን አጥሮ ቢይዝ ደንብ አስከባሪ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፣ ማኅበሩ ራሱ ይጠይቀዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራችንን በደንብ አልሠራንም። ሁለት አጥር ዓይናችን እያየ ቆሟል። መንገድ ላይ ሰው የመቅጣት ሥልጣን ግን የማኅበር አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ደመወዙም ከበጀት ነው መምጣት ያለበት።

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
እሺ። እኔ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ትናንት ሌሊት ሦስት ጊዜ ደግሜ ነው ያነበብኩት። 100 ብሩን ለደመወዝ አላዋጣም። ለብረቱ ግን አዋጣለሁ፣ እሱ አንድ ጊዜ ነው። ወረዳው ሲጠይቀን የምንሰጠውን መልስ እንዲህ ብጽፈውስ? ተጨማሪ ሰው እንደሚያስፈልግ እናምናለን፣ በጀቱን ጠይቁ፣ እኛም ፊርማ አሰባስበን ከጎናችሁ እንቆማለን። እስከዚያ ካሉት ልጆች ጥንዱ ከቀን ወደ ማታ ይዙር፣ ከምሽቱ 3 እስከ 7 ሰዓት ብቻ። እኔ በመስኮቴ ያየሁት ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው የመጣው። የማታ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ከማዶው ወረዳ ጋር ይነጋገሩ። ዕቃ ሲወሰድ ያለ ደረሰኝ አይወሰድ።

ባለ ሱቁ፦
ከቀን ላይ ጥንድ ከተነሳ በሬ ላይ ያለው ሸራ እጥፍ ይሆናል። በዚህ አልስማማም። ደረሰኙ ላይ ግን እስማማለሁ። እኔም ሚዛን ተወስዶብኝ ያውቃል።

የቀድሞ ደንብ አስከባሪ፦
ወንድሜ፣ ሸራውን የሚያስነሳው ሌላ ቦታ ማግኘት ነው። ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ጉሊት ሕጋዊ ቦታ ሲሰጠው አይቻለሁ። በማግስቱ ያ መንገድ ላይ የሚያባርርም የሚሮጥም አልነበረም። ሁለት ሰው ከዚያ መንገድ ተነስቶ ለሌላ ሥራ ተላከ። ሠራተኛ ሳይቀጠር ሠራተኛ ተገኘ ማለት ነው። ደብዳቤው ላይ ይህም ይግባ።

ባለ ሱቁ፦
ቦታው ከሱቄ ካልራቀ ደንበኛዬም አይርቅም። ግን የት አለ ቦታ?

ሽንኩርት የምሸጠው፦
አለ። ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ። ጥላ አለው፣ መንገድ አይዘጋም። አሥራ አንድ ሴቶች ነን የምንቀመጠው፣ ሁላችንም እንበቃበታለን። ቆሻሻውን እኛው እንጠርጋለን። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ጨርሼ እገባለሁ። ደብዳቤውን ሳትጽፉ መጥታችሁ እዩት።

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
እመጣለሁ። አባባንም ይዤ እመጣለሁ።

ባለ ሱቁ፦
ሱቁን ለልጄ ትቼ እኔም እመጣለሁ። ሜትር ይዤ ነው የምመጣው፣ ልኩን እናውቀዋለን።