ጉንፋን ላይኑን ጨረሰው፣ በረኪና ልርጭ?

ላይን 3፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ አንድ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ ነኝ። ከ46 ኦፐሬተር ዛሬ 9 ቀሩ፣ ከመጡትም ብዙዎቹ ያስላሉ። ሐሙስ ጭነት አለ። በረኪና በስንት ውሃ በጥብጬ ልርጭ? ለሁሉም አሞክሲሲሊን ብናድልስ?

ዳማከሴ፦ ስሜ ላይ መልሱ አለልሽ። ጨምቀሽ ለላይኑ በሙሉ!

የክሊኒክ ነርስ፦ አሞክሲሲሊኑን እርሺው፤ ለባክቴሪያ እንጂ ለቫይረስ አይሠራም። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ከዚያም ከ5 እስከ 7 ቀን። ትኩሳትና ሳል ያለባቸውን ዛሬውኑ ሸኚ። የሚመለሱት ፓራሲታሞል ሳይወስዱ ትኩሳቱ ከለቀቃቸው 24 ሰዓት ሲሞላ ነው። «ሳይወስዱ» የምለው ጠዋት ውጠው ከመጡ በር ላይ ያለው ቴርሞሜትር ስለማይዛቸው ነው። ነፍሰ ጡር ትኩሳት ከጀመራት ሳትዘገይ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ትንፋሽ ያጠራትም፣ ትኩሳቱ ለቆ የተመለሰባትም እንዲሁ።

መቀስ፦ በረኪናውን እኩል ለእኩል በጥብጪና ርጪ።

ጽዳት ክፍል፦ ኧረ በፍጹም! ጉሮሮና ዓይን አቃጥሎ ሌላ ሳል ያመጣል፤ ጠብታው የተቆረጠው ጨርቅ ላይ ካረፈም ቀለሙን ይበላዋል፣ ጭነትሽም አበቃ። አይረጭም፣ በጨርቅ ይታሻል። 5% በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር። መጀመሪያ በሳሙና አጽጂ፣ ቀጥሎ በረኪናውን ቀብተሽ 10 ደቂቃ ቆይተሽ በንጹህ ውሃ አብሺ። የዛሬውን ለነገ አታሳድሪ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ደግሞ አታገናኚ። ማሽኑ እንዳይዝግ በረኪና አይንካው፤ ከሶኬት ነቅለሽ 70% አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጊው።

ሰባት ቁጥር፦ ሁላችሁም በረኪና ላይ ተጣበቃችሁ! ጉንፋን ይበልጡን የሚዛመተው በሳልና በትንፋሽ ነው። በሰርቪስ ነው የሚመጡት?

ላይን 3፦ አዎ፣ 45 ደቂቃ። «ንፋስ ይመታናል» ብለው መስኮት አያስከፍቱም። ምን አገናኘው?

ሰባት ቁጥር፦ ዋናው እሱ ነዋ! 45 ደቂቃ የአንዷን ትንፋሽ ሌላዋ እየሳበች ነው። ከፊት በአንድ ወገን፣ ከኋላ በሌላው ወገን አራት ጣት ያህል ይከፈት፤ አየሩ ሰያፍ ያልፋል፣ ማንንም ፊቱ ላይ አይመታም። የሚበርዳት ነጠላዋን ትከናነብ። አዳራሹ ውስጥም ማራገቢያው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ፊት እንዳይነፍስ ወደ መስኮት አዙሪው። ጀሪካኑ ላይ በገመድ የታሰረ የጋራ ኩባያ ካለ ዛሬውኑ ቁረጪው።

መቀስ፦ በረኪና ግን ይሠራል።

ኤች አር፦ «ሸኚ» ማለት ቀላል ነው። አንድ ቀን ቀርታ የወሩን የመገኘት ቦነስ የምታጣ ከሆነ ትኩሳቷን ደብቃ ትገባለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካመጣች የመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ በሙሉ ደመወዝ ነው። ቦነሱ ግን የፋብሪካው ውሳኔ ነው፤ ለሁለት ሳምንት እንዳይቆረጥ አስወስኚና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በቃል የተነገረውን ማንም አያምንም።

ላይን 3፦ ቦነሱን እጠይቃለሁ። የ9ኙን ቦታ ከላይን 4 ሰው ተበድሬ ልሙላ?

የክሊኒክ ነርስ፦ ከተበደርሽ እስከ ሐሙስ እዚያው አንቺ ጋ ይቆዩ፣ ማታ ወደ ላይን 4 አይመለሱ። ማስክም አድርጊላቸው። ምሳ ሰዓታችሁንም ከላይን 4 ለዩት።

ዳማከሴ፦ ጭነቱ ወጣ? ኧረ ላይን 3?