«ፍራትሪሳይድ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ከዚራ፦ ሰላም የቃል ወዳጆች። ድሬ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስ፣ የራሱን ዘመድ ገድሎ ዲኤንኤውን ይወስዳል። ይህን ነው «ፍራትሪሳይድ» የሚሉት። «ወንድም ገዳይነት» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ቃየን በለውና እንገላገል» አለኝ። (እኛ ጋ አስተማሪም «አንተ» ነው፤ አዲስ አበቤዎች እንዳትደነግጡ።) ግን ቃሉ የሆነ ነገር ጎደለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ የጎደለው ውርሱ ነው። ቃየን በቅናት ገደለ እንጂ ከአቤል ምን ወረሰ? ያንተ ባክቴሪያ አክዓብ ነው፤ ናቡቴ ተገድሎለት የወይን ቦታውን የወሰደው። «ገድሎ መውረስ» በለው። በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አውራሹን ሆን ብሎ የገደለ አይወርስም፤ ባክቴሪያ ግን ሕጉ አልደረሰውም።

ጀጎል፦ «የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ»ስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እሱ በሁለት ወገን መሀል ለተያዘች ሐዘንተኛ ነው። እዚህ ማን ያለቅሳል?

ከዚራ፦ ውርሱስ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ተመራማሪው ግሪፊዝ በሙቀት የሞተውን አደገኛ የኒሞኮከስ ዝርያ ከሕያው ደካማ ዝርያ ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ወጋ። ሞቱ። ደካማው ከሟቹ የወረሰው ዲኤንኤ መሆኑን በ1944 እነአቬሪ አሳዩ። እዚያ ግን ሟቹን የገደለው ሰው ነው። እዚህ ገዳዩ ራሱ ወራሹ ነው።

ሌላም ቃል አለብኝ፤ «ኮምፒተንስ»፣ ባክቴሪያ ከውጭ ዲኤንኤ ለመሳብ ሲዘጋጅ የሚባለው። «ብቃት» ስል ልጆቹ የሚታያቸው የምዘና ፈተና ነው። ነገሩ ሌላ ነው። ባክቴሪያዎቹ አንዲት አጭር ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) እንደ መልእክት ወደ ውጭ ይለቃሉ። መልእክቱ የገባቸው ዲኤንኤ መሳቢያቸውን ያዘጋጃሉ። አብረው የሕዋስ ግድግዳ የሚበላ ኢንዛይም ይለቃሉ፤ ለራሳቸው ደግሞ መከላከያ ፕሮቲን ይሠራሉ። መልእክቱ ያልገባው ዘመድ ይፈነዳል።

ጀጎል፦ «ንቃት» ነዋ! ነቄው ፋራውን በላው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሳቅሁ፣ ግን አይከፋም። «ብቁ» ከምንል «የነቃ» ይሻላል። ለፈተና ግን «ነቄ» እንዳትጽፍ።

ጀጎል፦ የኮሌራውስ? እሱ አጠገቡ ያለውን በጦር መሰል ነገር ወግቶ ነው ዲኤንኤውን የሚወስደው። ሟቹ ጎረቤት ከሆነ ወንድም ይባላል?

ከዚራ፦ ይኸው፣ «ወንድም»ን አወጣሁት። ነገ ሰሌዳው ላይ «ገድሎ መውረስ» ነው። ያ ልጅ ናቡቴን ካላወቀው ግን ክፍለ ጊዜው በታሪክ ሊያልቅ ነው።