ሰልባጅ የገዛሁት 70 ሊትር የተራራ ቦርሳ ትከሻዬን ጨረሰው፤ ልኬ አይደለም ማለት ነው?

ዘጌ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ክረምቱ ሲወጣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ አስበናል። ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ፣ በእግር። ለዚሁ ብዬ ሰልባጅ ከሚሸጡት ዘንድ አንድ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አገኘሁ። 70 ሊትር ይላል። ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ዚፖቹም ይሠራሉ። ዋጋውም ከአዲሱ ጋር አይገናኝም።

ለመለማመድ ብርድ ልብስና ውሃ ሞልቼበት ዘጌ ሄድኩ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን የጫካ መንገድ ታውቁታላችሁ። ጥላ አለው፣ በቡናው መሃል ነው የሚያልፈው፣ ከባድ የሚባል አይደለም። ግማሹን ሳልደርስ ትከሻዬ ተቃጠለ። ማንገቻውን ሳጠብቀው አንገቴን ይፈገፍገኛል፣ ሳላላው ደግሞ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትተኛል። የወገብ ቀበቶው ዳሌዬ ላይ አልቀመጥ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዳገት ስወጣ ጭኔን ይይዘኛል። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ሁለቱም ትከሻዬ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል።

ቁመቴ 1.62 ነው፣ ክብደቴ 55 ኪሎ። ቦርሳው ልኬ አይደለም ወይስ የሚስተካከልበት መንገድ አለ? ሌላው፣ ውስጡን ስነካው ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ደስ የማይል ሽታም አለው። ሲታጠብ ይለቃል?

የጎንደር መንገድ

እህቴ፣ ለምን ትሰቃያለሽ? ደባርቅ ላይ በቅሎ ከነነጂው ይከራያል። ትልቁን ቦርሳ ለበቅሎው ስጪ። አንቺ ውሃሽን፣ ጃኬትሽንና ምሳሽን በትንሽ ቦርሳ ያዢ። ሳንቃበር ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ለኖረ ሰው ባዶ እጁንም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሸራ ሰፊው

በቅሎውም ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ቦርሳው ነው። ድንኳንና ቦርሳ መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም፣ ይቅርታ።

70 ሊትር የሚለው ቁጥር ስንት ዕቃ እንደሚይዝ እንጂ ለማን እንደሚሆን አይናገርም። የቦርሳ ልክ የሚባለው የጀርባ ርዝመት ነው። ቁመት እንኳ አይደለም። እግሩ ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ሞልቷል። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ የሚመጣው ሁሉ «ማንገቻው ላይ ስፖንጅ ጨምርልኝ» ይለኛል። ገንዘቡን መቀበል እችል ነበር፣ ግን ስፖንጅ ይህንን አይፈታም። ክብደቱ ትከሻ ላይ መቀመጡ ነው ችግሩ። የዚህ ዓይነት ቦርሳ ሸክሙን አብዛኛውን ለዳሌ እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ትከሻ ቦርሳውን ከጀርባ እንዳይርቅ ብቻ ይይዘዋል።

አሁን የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጊ፣ የሚለካልሽ ሰውም ጥሪ። አንገትሽን ስታቀረቅሪ ከግርጌው ጉብ የሚል አጥንት አለ። መነሻው እሱ ነው። ከዚያ እጆችሽን ወገብሽ ላይ አድርጊና የዳሌ አጥንትሽን ጫፍ ዳብሺ፤ አውራ ጣቶችሽ ወደ ኋላ ይዙሩ። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል ያለው መስመር መድረሻው ነው። ሜትሩ የጀርባሽን ቅርጽ ተከትሎ ይውረድ። ከዚያ ቦርሳውን ለኪ፤ ማንገቻው ከቦርሳው ጀርባ ጋር ከሚገናኝበት እስከ ወገብ ቀበቶው መሃል።

ከምትይው ሁሉ የቦርሳው ጀርባ ላንቺ ረጅም ይመስለኛል። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት በታች የሚወርደው ለዚያ ነው። ከፍ አድርገሽ ዳሌሽ ላይ ስታስሪው ደግሞ በማንገቻውና በትከሻሽ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱን ለመዝጋት ማንገቻውን ስታጠብቂ ሸክሙ ተመልሶ ትከሻሽ ላይ ይወጣል።

ተስፋ አትቁረጪ ግን። ብዙዎቹ ትልልቅ ቦርሳዎች ጀርባቸው ይስተካከላል፣ የሚገዛው ሰው ግን አያየውም። ጀርባሽን የሚነካውን ስፖንጅ ገልጠሽ ከኋላው ተመልከቺ። ማንገቻዎቹ የተሰፉበት ሰፊ ጨርቅ በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቀው ጨርቅ) ተይዞ ታገኚ ይሆናል። በእጅ ሲጎትቱት እንቢ ይላል። ረጅም ማስመሪያ በመሃሉ አስገቢና ከዳር እስከ ዳር እየነዳሽ አላቂው። ከዚያ ጨርቁን ወደ ታች አውርደሽ መልሰሽ አጣብቂው። አንዳንዱ ቦርሳ በቬልክሮ ፈንታ እንደ መሰላል የተደረደሩ ማስገቢያዎች አሉት፣ ሥራው አንድ ነው። ሁለቱም ከሌለ ጀርባው ቋሚ ነው ማለት ነው። ያኔ ለረጅም ሰው ሽጪው። ቆርጬ ላሳጥርልሽ የሚል ካገኘሽ እሺ አትበይ፤ ውስጡ ያለው የብረት ዘንግ ወይም ፕላስቲክ አብሮ አያጥርም።

አለባበሱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሁሉም ማሰሪያ ይላላ። ቀበቶውን የዳሌ አጥንቱን መሃል ለመሃል እንዲያቅፍ አድርገሽ እሰሪ፣ ጥብቅ ይበል። ቀጥሎ ማንገቻውን ሳቢ፣ ትከሻሽን እስኪነካ ብቻ። ከዚያ ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው ራስ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ማሰሪያዎች በመጠኑ ጎትቻቸው። የደረቱ ማሰሪያ መጨረሻ ነው። ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይጎትትሽ ከባዱን ዕቃ ለጀርባሽ አስጠግተሽ መሃል ላይ አድርጊ፤ የመኝታ ከረጢቱ ከታች።

ለሙከራ ብርድ ልብስ አይሆንም፣ ክብደቱን አታውቂውም። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አምስት ሙዪበት፣ ከነቦርሳው 12 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለ55 ኪሎ ሰው ከዚህ በላይ ባይሆን እመርጣለሁ። ከዚያ የቤዛዊትን ዳገት ውጪበት። ቀበቶሽ ሳይወርድ አናት ከደረስሽ ቦርሳው ያንቺ ነው።

ዘጌ ማዶ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እህቴ ለካችኝ። ጀርባዬ 43 ሴንቲ፣ ቦርሳው 51። እንዳሉኝ ስፖንጁን ስገልጠው ቬልክሮው ነበረ! በማስመሪያ አላቀቅሁት፣ ወደ ታች አወረድኩት። 44 ላይ ቆመ። አሁን ቀበቶው ዳሌዬን ያዘ፣ ትከሻዬም ቀለለው፤ ውሃውን ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። አንገቴን ግን አሁንም በግራ በኩል ትንሽ ይነካኛል። ስፌቱስ ይቆያል? ምን ልይ?

ሸራ ሰፊው

ጎበዝ! ለአንገቱ የደረቱን ማሰሪያ ቦታ ቀይሪ። ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ከአንገትሽ ግርጌ በፊት በኩል ካለው አጥንት አራት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። አብዝተሽ አታጥብቂው፤ ማንገቻዎቹን ወደ መሃል የሚስበው እሱ ነው። ትንፋሽም ይከለክላል። ግራው ብቻ ከሆነ ደግሞ ቬልክሮው ተንጋዶ እንዳይሆን እዪው።

ስለ ስፌቱ፣ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚጋጠምበትን ላዩንም ታቹንም ተመልከቺ። ቦርሳ ከሌላው ቦታ በፊት የሚለቀው እዚያ ነው። ማንገቻውን በአንድ እጅ፣ ቦርሳውን በሌላው ይዘሽ ለያዪው። ክሩ ካላገጠጠ ደህና ነው። ካገጠጠ አሁኑኑ ይሰፋ። የጥጥ ክር ግን እንዳያስገቡልሽ፤ ከላብና ከዝናብ ጋር ይበሰብሳል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን። በወፍራም ወስፌም አያብዙበት፣ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ማሰሪያው ይሳሳል። የሞላ ቦርሳ ስታነሺ ደግሞ አንዱን ማንገቻ ይዘሽ አትመንጭቂ። ከላይ መሃል ላይ ባለችው አጭር መያዣ ጭንሽ ላይ አውጪው፣ ከዚያ እጅሽን አስገቢ።

ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ጥርሱ ሳይሆን የሚንሸራተተው ብረት ነው የሰፋው። ጎንና ጎኑን በፒንሳ ቀስ አድርገሽ ጠበብ አድርጊው። ካልሆነ እሱ ብቻ ይቀየራል፣ ሙሉ ዚፕ መግዛት የለብሽም።

ጀልባ ላይ የዋልኩ

ስለሚጣበቀው ነገር ማንም አልመለሰላትም። እኔ የእንግዶች ጓዝ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ሳመላልስ የኖርኩ ነኝና ይህን ዓይነት ቦርሳ በደንብ አውቀዋለሁ። ናይለኑ በውስጥ በኩል ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ስስ ሽፋን አለው። እርጥበትና ሙቀት ባለበት ተጣጥፎ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ሽፋኑ ይበላሻል። መጀመሪያ ይሸታል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ እየተላጠ ይረግፋል። ባሕር ዳር ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ክረምት የከረመ ቦርሳ ይህ ሊደርስበት ይችላል። እጥበት ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ተለብጦ የነበረው አንዴ ከለቀቀ ለቀቀ ነው። በአልኮልና በብሩሽ ፈግፍገሽ የሚነሳውን አንሺ፣ ሽታውም ይቀንሳል። ጨርቁ ግን ጥንካሬው አለ፤ ውሃ ማስገባቱ ነው እንጂ አይቀደድም።

ስለዚህ ዕቃሽን በሙሉ ወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምሪና ከረጢቱን ቦርሳው ውስጥ አስገቢ፣ አፉን ጠቅልለሽ እሰሪ። ከላይ በሚለበሰው የዝናብ ሽፋን ብቻ አትተማመኚ። ሽፋኑ ጀርባሽ በኩል ክፍት ነው፤ በአንገትሽ የወረደው ዝናብ በዚያ ይገባል። ጀልባ ውስጥ ደግሞ ወለል ላይ አታስቀምጪው፣ ታች የሚያቁረው ውሃ ከሥር ነው የሚያርሰው።

ስትመለሺ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቢው። በረኪና አይንካው፣ ማሽን ውስጥም አይግባ። ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ ናይለን ይበላል። ሳታጥፊው ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ስቀዪው።

የጎንደር መንገድ

እኔም ተማርኩ። አንድ ነገር ልጨምር። ምናልባት በበቅሎ ከላክሽው ቦርሳውን እንዳለ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቺው። ነጂዎቹ በገመድ ጠፍረው ነው የሚጭኑት፣ ፕላስቲክ ዘለበት ገመድ ሲያርፍበት ይሰበራል። የወገቡ ዘለበት ከተሰበረ ደግሞ ያን ሁሉ ያስተካከልሽው ነገር ዋጋ የለውም። ትርፍ ዘለበት ካገኘሽ አንድ ያዢ።

ዘጌ ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማዳበሪያውን ይዣለሁ፣ ፕላስቲኩን ነገ እገዛለሁ። ጋሼ፣ የታችኛው የቀኝ ማንገቻ ክር ትንሽ አግጥጧል። ይዤልዎት ብመጣ ይሰፉልኛል?

ሸራ ሰፊው

አምጪው እንጂ። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ባዶውን።